ፎርማት ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣ የላፕቶፕሽ ዋይፋይ ድንገት የጠፋ ቀን ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ፎርማት ይደረግልኝ» እንዳይሆን አደራ እልሻለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት ኮምፒውተር ስጠግን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣ ተማሪ፣ የልጆቿን ፎቶ ያጣች እናት፣ የዓመት ሒሳቡ የጠፋበት ነጋዴ አይቻለሁ፤ የብዙዎቹ ዲስክ ግን አልተበላሸም ነበር። ዋይፋይ አልያዘም ተብሎ ነው ዲስኩ የተጠረገው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ አባቶች። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ ዋይፋዩ ብዙ ጊዜ አለመመለሱ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ቀድሞ የነበረው ድራይቨር አብሮ ይጠፋል፤ ትናንት ይቆራረጥ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ ጭራሹን አይታይም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የምመክርሽ ነገር አንድ ነው፤ ከመንካትሽ በፊት ለዪ። የጎደለው ኔትወርኩ ነው? ካርዱ ነው? ወይስ ድራይቨሩ? ካርዱ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሰሌዳ ነው። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ዙሪያ ከተቀበሩት አንቴናዎች የሚመጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ይሰኩበታል። ድራይቨር ደግሞ ዊንዶውስ ያንን ካርድ እንዲያውቀውና እንዲያዘው የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ካርዱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ድራይቨሩ ከሌለ ዊንዶውስ አንድ ነገር እንደተሰካ ያያል እንጂ እንዴት እንደሚያሠራው አያውቅም። ካርዱ ከሞተ ደግሞ የቱንም ያህል ድራይቨር ብትጭኚ ትርፉ ድካም ነው። የጠፋው ኔትወርኩ ከሆነ ሁለቱም ንጹሐን ናቸው። ሦስቱን ሳይለዩ መጠገን ምን እንደሚያስከትል አባቶች በአንድ መስመር ጨርሰውታል፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከስልክሽ ጀምሪ። ስልክሽ ያንኑ ዋይፋይ ይዞ ገጽ ይከፍታል ወይ? ስልኩም ካቃተው ላፕቶፑን ለቀቅ አድርጊው። የቤቱ ፓኬጅ አልቆ ይሆናል፣ መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ በትክክል አልተነሳ ይሆናል፤ ራውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ፣ ጥቂት ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው። በየቤቱ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። መስመሩ ለበደለው ላፕቶፑ ይቀጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ስልኩ የሚሠራ ከሆነ ላፕቶፑ የሚልሽን ቃል በደንብ አንብቢ። ተገናኝቷል ግን ኢንተርኔት የለም የሚል ከሆነ ልብ በዪ፤ ካርዱና ራውተሩ ተገናኝተዋል፣ ድራይቨሩ ዋና ሥራውን እየሠራ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልጊ። የላፕቶፑን ቀንና ሰዓት ተመልከቺ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ላፕቶፕ ከኤሌክትሪክ ሲለይ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ማረጋገጫ አልቀበልም ይልና ገጹ አይከፈትም። ይህን አይቶ ድራይቨር ሲያወርድና ሲጭን የሚውል ሰው ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሰዓቱን ማስተካከል ነበር። ድራይቨርን መጠርጠር ያለብሽ የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ከቦታው ሲጠፋ፣ ወይም ስልክሽ የሰፈሩን ዋይፋይ ሁሉ እየዘረዘረ ላፕቶፑ ባዶ ዝርዝር ሲያሳይሽ ነው።

ያኔም ቢሆን ከቀላሉ ጀምሪ። ኤርፕሌን ሞድ በርቶ እንደሆነ እዪ። በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ፤ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ኤፍ 12 ላይ ነው። ከአሮጌዎቹ የዴልና የቲንክፓድ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ደግሞ ጎናቸው ላይ ወይም ከፊታቸው ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ይነካና ይጠፋል። በዚያ ማብሪያ የተዘጋን ዋይፋይ የትኛውም ድራይቨር አያበራውም።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርጊው። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ እንዳትዪኝ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በፈረንጆች 2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። ሻት ዳውን ስትዪው ዊንዶውስ የውስጥ ሁኔታውን ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ስታበሪው ያንኑ መልሶ ያነብባል። የተበላሸው ነገር አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ስትዪው ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጭናል። ይህም ካልሆነ ላፕቶፑን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪና ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስ ካርዱ ከዜሮ ይነሳል። ከስሊፕ ሲነቃ ዋይፋዩ የጠፋበትን ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ብዙ ጊዜ መልሼዋለሁ።

አልመጣም? እንግዲያው ወደ ዋናው ቦታ እንግባ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ ኤክስን ጫኚ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺ። ይህ መስኮት በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ዕቃ በየስሙ ይዘረዝራል፤ እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ስትዘረጊው የካርዱ ስም ያለ ምንም ምልክት ከተቀመጠ ድራይቨሩ አለ ማለት ነው። ወደ ታች የምትጠቁም ቀስት ካለችበት ካርዱን ሰው ወይም ፕሮግራም ዘግቶታል፤ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ኢኔብል በዪው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት ሁለቴ ጠቅ አድርጊና የሚነግርሽን የስህተት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። 28 ካለ ድራይቨር አልተጫነም፤ ይህ ቀላሉ ነው። 10 ካለ ካርዱ መነሳት አልቻለም። 43 ካለ ዕቃው ችግር እንዳለበት ስላመለከተ ዊንዶውስ አቁሞታል። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ከድራይቨርም ከካርዱም ሊመጡ ስለሚችሉ አትፍረጂ፤ ቅድም ያልኩሽን የ30 ሰከንድ ነገር፣ ከዚያም ከአምራቹ የመጣውን ድራይቨር ሞክረሽ ካቃተ ነው ካርዱን የምትጠረጥሪው።

ኔትወርክ አዳፕተርስ ሥር ዋይፋይ የሚመስል ስም ካጣሽም ተስፋ አትቁረጪ። አዘር ዲቫይስስ በሚለው ሥር ኔትወርክ ኮንትሮለር የሚል ስም ከነቢጫ ምልክቱ ካገኘሽ ብዙውን ጊዜ ካርድሽ እሱ ነው። የኬብል መሰኪያውም ድራይቨር ካጣ በተመሳሳይ መልክ እዚያው ይቀመጣል፤ እሱ ግን ስሙ ውስጥ ኢተርኔት የሚል ቃል አለበት። ካርድሽ አለ፣ ተሰክቷል፣ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፤ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው። ፎርማት ተደርገው ዋይፋይ አጡ ተብለው ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ካርዱ ተቃጥሏል ተብለው ነው የሚመጡት። በሁለቱም ቦታ ከሌለ ደግሞ ከላይ ቪው የሚለውን ከፍተሽ የተደበቁት እንዲታዩ አድርጊ። ስሙ ደብዝዞ ከታየ፣ ዊንዶውስ ካርዱን ከዚህ በፊት ያውቀው ነበር፣ አሁን ግን ፈልጎ አላገኘውም። ከመሰኪያው ላልቷል፣ ባዮስ በሚባለው የላፕቶፑ መነሻ ፕሮግራም ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይም ሞቷል። እዚህ ላይ ድራይቨር መፈለግ አቁሚ።

አሁን ወደ ካርዱ ስም እንምጣ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ደጋግሜ የምናገረው ስለሱ ነው። በካርዱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊ፣ ፕሮፐርቲስ ግቢ፣ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቺ፣ ከተቆልቋዩ ዝርዝር ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጪ። ድራይቨር ያልተጫነለት ካርድ እንኳ ይህን መታወቂያ አያጣም፤ ከፋብሪካ ይዞት የወጣ ነውና። ቬን ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት አራት ምልክቶች አምራቹን፣ ዴቭ ከሚሉት ቀጥለው የሚመጡት አራቱ ደግሞ የካርዱን ዓይነት ይነግሩሻል። 8086 ካየሽ ኢንቴል ነው፤ በፈረንጆች 1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም ነው ቁጥሩ። 10ኢሲ ሪልቴክ ነው። 14ኢ4 ብሮድኮም ነው። 14ሲ3 ሚዲያቴክ ነው። 168ሲ አቴሮስ ነው፤ አቴሮስን በፈረንጆች 2011 ኳልኮም ስለገዛው ድራይቨሩን በኳልኮም ስም ልታገኚው ትችያለሽ።

ይህን ያህል የምደክምበት ምክንያት አለኝ። አንድ የላፕቶፕ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ውስጡ አንድ ዓይነት ካርድ ይዞ አይወጣም፤ ያንቺው ኢንቴል ይዞ የጓደኛሽ ሪልቴክ ሊይዝ ይችላል፣ ክዳናቸው ላይ ግን የተጻፈው ስም አንድ ነው። ስለዚህ በአምራቹ ገጽ ላይ ለአንድ ላፕቶፕ ሁለትና ሦስት የዋይፋይ ድራይቨር ተደርድሮ ታያለሽ። ጓደኛሽ የሠራላትን ፋይል አምጥተሽ ብትጭኚ፣ ጫንኩ ይልሽና ምንም አይለወጥም፤ ያኔ ካርዴ ሞቷል ትያለሽ። አራቱን ምልክት ካወቅሽ ግን አንዱን መርጠሽ ትጭኛለሽ። በጥገና ቤትም ቢሆን የካርዱን ስምና የስህተቱን ቁጥር የያዘች ደንበኛን ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ማስደንገጥ ይከብዳል። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ዥግራ ይሏታልና ስሟን አስቀድመሽ እወቂ።

ካርዱን አወቅሽ፤ ድራይቨሩ ግን ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለሽም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሸነፈው፤ መፍትሔው ግን እጅሽ ላይ ያለው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክሽን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኚ፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴተሪንግ በሚለው ገብተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሪ። ዊንዶውስ 10 እና 11 አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ፕሮግራም ሳይጠይቁ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበሉታል። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ዓይነት እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ ዳታ የማያስተላልፍ ከሆነ ስልኩ እንደተሰካ እንኳ አይታወቅም። ስልኩ ራሱ የቤቱን ዋይፋይ ከያዘ ብዙዎቹ ስልኮች በኬብሉ የሚያጋሩት ያንኑ ዋይፋይ ስለሆነ የሞባይል ፓኬጅሽ አይነካም። አይፎን ከሆነ ግን ላፕቶፑ ላይ የአፕል ድራይቨር አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ለዚህ ጉዳይ አንድሮይድ ተዋሺ።

ኢንተርኔቱ ከመጣ መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተሽ በአማራጭ አፕዴቶች ሥር የድራይቨር ዝርዝሩን እዪ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኚዋለሽ። ካጣሽው ወደ ላፕቶፑ አምራች ገጽ ሂጂ፤ ከላፕቶፑ ሆድ በታች የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር ስታስገቢ ለሱ የተዘጋጀው ፋይል ይወጣል። የዊንዶውሱ ዓይነት መግጠሙን አረጋግጪ፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ32 ቢት ድራይቨር አይሠራም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብዙ ሰው አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ 11 እያስጫነ ነው፤ አምራቹ ግን ለአሮጌው ካርድ አዲስ ድራይቨር ላያወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የዊንዶውስ 10ን ድራይቨር ሞክሪ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከዚህ ውጭ የሚጠብቅሽ ወጥመድ አለ። የካርዱን ስም ፍለጋ ላይ ስትጽፊ ቀድመው የሚመጡልሽ «ድራይቨርሽን ሁሉ በአንድ ጠቅታ እናድስ» የሚሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ኮምፒውተርሽ በደርዘን የሚቆጠር ችግር አለበት ብለው ያስፈራሩሻል፣ ከዚያ ክፈዪ ይላሉ፤ ሳትከፍዪም ያልጠየቅሽውን ፕሮግራም አብረው ይጭኑብሻል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ለካርዱ ድራይቨር ዊንዶውስም አምራቹም ገንዘብ አይጠይቁሽም፤ የሚያስከፍል ሁሉ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር የሚቆርጥ ነው።

ትናንት ደህና ሠርቶ ከአፕዴት በኋላ ያቆመ ዋይፋይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ አዲስ ድራይቨር ማሳደድ አይደለም ወጉ፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል አለ። ከደበዘዘ የቀድሞው አልተቀመጠም ማለት ነው። ያኔ አንኢንስቶል ዲቫይስ ትያለሽ፤ ስትዪ ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፣ የድራይቨሩን ፋይል ጭምር ላጥፋ ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። ሳጥኗን ሳትነኪ አንኢንስቶል ካደረግሽ ሪስታርት ሲደረግ ዊንዶውስ ያንኑ ድራይቨር እንደገና ያስነሳዋል፤ ትንሽ መናጋት ብቻ ከሆነ ይስተካከላል። ምልክት ካደረግሽባት ፋይሉ ራሱ ይጠፋል፤ የተበላሸ ድራይቨር ነቅሎ ለመጣል የሚጠቅመው ይህ ነው። ነገር ግን ምትኩ ፍላሽሽ ላይ ሳይኖር ያቺን ሳጥን እንዳትነኪ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እንዳትሆኚ።

ደህና የሚሠራን ድራይቨር አዲስ ወጣ ተብሎ ብቻ መቀየርም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ይህን ስልሽ የዊንዶውስ አፕዴትን ዝጊ ማለቴ አይደለም። በፈረንጆች ሰኔ 2024 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የዋይፋይ ድራይቨር ላይ በዋይፋይ ክልል ውስጥ ያለ አጥቂ ሊጠቀምበት የሚችል የደኅንነት ቀዳዳ ደፍኗል፤ እንዲህ ያለው ጥገና የሚደርስሽ በአፕዴት ነው። ካፌ ውስጥ የምታጠና ልጅ አፕዴቱን መዝጋት የለባትም።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላኩ ላፕቶፖችን በተመለከተ የማልዘለው ነገር አለኝ፤ በዚህ የተነሳ ስንት ጤነኛ ላፕቶፕ ተፈታ። አጎትሽ የላከልሽ ላፕቶፕ የካፌውን ዋይፋይ ይዞ የቤትሽን ብቻ አላይም ካለ የራውተሩን ቻናል ጠይቂ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ከ1 እስከ 11 ባለው ቻናል ነው፤ በብዙ ሌሎች አገሮች ግን 12 እና 13ም ይፈቀዳሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካርድ በ12 ወይም በ13 ላይ ያለን ራውተር ላያየው ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ስታደርጊው ዋይፋዩ ከች ይላል። እንዲሁ 2.4 ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ካርድ በ5 ጊጋኸርዝ የሚተላለፈውን ስም አያየውም፤ ይህ የድራይቨር ጉድለት አይደለም፣ የካርዱ አቅም ነው። ራውተሩ ደብልዩፒኤ 3 በሚባለው የይለፍ ቃል ጥበቃ ብቻ እንዲሠራ ከተደረገም አሮጌው ላፕቶፕ ስሙን አይቶ መግባት ያቅተዋል፤ ደብልዩፒኤ 2ንም እንዲቀበል ማድረግ ይበቃል።

ዋይፋዩ ይዞ ይዞ የሚለቅ ከሆነ በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ እንዳለ እዪ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ ያጥፋው የሚለውን ምልክት አንሺ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ገጹ ላይኖር ይችላል።

ድራይቨሩ ነው ካርዱ የሚለው ጥርጣሬ አሁንም ካልለቀቀሽ ዲስክሽን ሳትነኪ የምትፈርጂበት መንገድ አለ። ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጻፈበት ፍላሽ ከጓደኛ ተዋሺና ላፕቶፑን በሱ አስነሺ። ሲጠይቅሽ ትራይ የሚለውን ምረጪ፤ ኢንስቶል የሚለውን ከነካሽ ግን ከሸሸሽው ፎርማት ጋር ልትገናኚ ትችያለሽ። እዚያ ዋይፋዩ ከሠራ ካርድሽ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ካልሠራ ግን ወዲያው ሞቷል አትበዪ፤ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ለምሳሌ ሊኑክስ ላይም ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋሉ።

ካርዱ በርግጥ ሞቶ ከሆነስ? አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። የሚቀየር ከሆነ ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ አሮጌዎቹ የኤችፒና የሌኖቮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ባዮሳቸው ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ሲሰካ ላፕቶፑ አልነሳም ይላል። ሁለተኛ፣ የኢንቴልን ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 201 አደራ አትቀላቅዪ። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ መሰኪያቸውም ተቀራራቢ ነው። 201 ግን ከሥራው ከፊሉን ለላፕቶፑ የኢንቴል ቺፕሴት ስለሚተው ያንን የሚደግፍ ማዘርቦርድ ከሌለ አይሠራም፤ ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ ጨርሶ አይነሳም። ይህን የማይነግርሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ገንዘብሽ ባከነ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ካፈርሽም አፍረሽ ጠይቂ። መግዛቱም መፍታቱም ካስፈራሽ ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ትበቃሻለች፤ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሯን የሚያውቅላትን ምረጪ እንጂ ከሲዲ ጋር የምትሸጠውን አትውሰጂ፤ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ዛሬ ከየት ይመጣል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና ካርድሽ ቢሠራም አንዷን ቦርሳሽ ውስጥ ብትይዢ አልከፋም።

ዋይፋይሽ ዛሬ ደህና ከሆነ ደግሞ ይህን ዛሬውኑ አድርጊልኝ። የካርድሽን መታወቂያ ጻፊና ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ዊንዶውስ ውስጥ ፒኤንፒዩቲል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከሌላ ቦታ የተጫኑትን ድራይቨሮች ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ይገለብጥልሻል፤ ፎርማት ግድ የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ያ ፎልደር ያለው ሰው አይቸገርም። ዲስኩን የሚቆልፈውን የቢትሎከርን መክፈቻ ቁጥርም የት እንዳለ እወቂ፤ ባዮስ ውስጥ አንድ ነገር ሲነካ ዊንዶውስ ያንን ቁጥር ካልሰጠሽኝ ዲስኩን አልከፍትም ሊል ይችላል። እነዚህን ዋይፋዩ ከጠፋ በኋላ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁሉን ሞክረሽ ወደ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መቼ እንደጀመረ፣ ከአፕዴት በኋላ ይሁን ከወደቀ በኋላ፣ የስህተቱን ቁጥርና የካርዱን መታወቂያ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ከላፕቶፑ ጋር ስጪ። ጽሑፎችሽንና ፎቶዎችሽን አስቀድመሽ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በጉልህ «ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለሽ ጻፊ፣ ስልክ ቁጥርሽንም አክዪበት። ካርዱ ተቀይሯል ካሉሽ አሮጌውን ካርድ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከዚያ እዚያው ቆመሽ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺና አዲሱ ስም መጥቶ እንደሆነ፣ አራቱም ምልክት መቀየሩን ራስሽ አንብቢ፤ ሒሳቡን የምትከፍዪው ከዚያ በኋላ ነው።